ሮማናችሁ ቅጠሉን ሲያራግፍ አትንቀሉት

ምስጋና ዝናብን ከሰማይ አውርዶ የደረቀችውን ምድር ሕያው ለሚያደርገው ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር የቤተሰብ ዓምዳችን ስለ ሮማን ተክል እንጨዋወታለን። ሮማን በስሙ ለሁላችንም ቅርብ ነው። ስንቶቻችን ሮማን የምትባል እህት፣ አክስት ወይም ጎረቤት አለችን! ተክሉን በግቢያቸው የሚያሳድጉት ግን ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህም መካከል በበጋ ወራት ቅጠሉ ረግፎ ባዶ ቅርንጫፉ ሲቀር «ይኼስ ደርቋል» ብለው ነቅለው ለማገዶ የሚያውሉት አይጠፉም። ተክሉ ግን አልሞተም፤ ያረፈ ብቻ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የተደከመበት ተክል ሁለት ወር መታገስ ስላቃተን ብቻ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

በቁርኣን የተወሳ ፍሬ

ሮማን በተከበረው ቁርኣን ውስጥ በስሙ ሦስት ጊዜ ተጠቅሷል። ሁለቱ በሱረቱል አንዓም (6፡99 እና 6፡141) ሲሆኑ ሦስተኛው በሱረቱ ረሕማን (55፡68) የጀነት ጸጋዎች በተዘረዘሩበት ሥፍራ ነው። በሱረቱል አንዓም የመጀመሪያው አንቀጽ ፍሬው ሲያፈራና ሲበስል በአስተውሎት እንድንመለከተው ታዘናል። በሁለተኛው ደግሞ ከፍሬው እንድንበላ፣ በምርቱ ቀን ተገቢውን ድርሻ እንድንሰጥና እንዳናባክን ተነግሮናል። እንግዲህ ማስተንተን፣ መብላት፣ መስጠትና አለማባከን አራቱም በአንድ የጓሮ ተክል ዙሪያ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። «በእያንዳንዱ ሮማን ውስጥ ከጀነት የመጣች አንዲት ፍሬ አለች» የሚል አባባል በብዙ ቤቶች እንደ ሐዲስ ሲነገር ይሰማል። የሐዲስ ሊቃውንት ግን ይህ ወሬ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚያደርስ ጠንካራ ሰነድ የለውም ብለዋል። የሮማን ክብር በቁርኣን መጠቀሱ ይበቃዋልና በነቢያችን ስም ያልተረጋገጠ ነገር ከመናገር እንጠንቀቅ።

ከሶሪያ እስከ አንዳሉስ

የሮማን ጥንታዊ መገኛ ከኢራን እስከ ሰሜን ሕንድ ያለው ምድር ነው። ዛሬም በሒጃዝ ምድር የጧኢፍ ሮማን ስመ ጥር ነው። ሙስሊሞች ሮማንን ይዘው ስለመጓዛቸው ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ የኮርዶባው አሚር የአብዱረሕማን ቀዳማዊ ነው። አብዱረሕማን የኡመውዮች መንግሥት በ750 ሲወድቅ ከሻም ሸሽተው በ756 በአንዳሉስ ሥልጣን ያዙ። ከኮርዶባ አጠገብ ያሠሩትንም የአትክልት ሥፍራ በሶሪያ በነበረው በአያታቸው በሒሻም ቦታ ስም ሩሳፋ ብለው ሰየሙት። የታሪክ ጸሐፊው አል-መቀሪ እንደዘገበው ከሶሪያው ሩሳፋ የተላከላቸውን ሮማን ከሹማምንቶቻቸው ለአንዱ፣ ሰፈር ኢብን ዑበይድ ለሚባል ሰው፣ ሰጡት። እርሱም ፍሬውን በልቶ ብቻ አልተወውም። ዘሩን ወስዶ በመንደሩ ተከለ፤ ተንከባክቦም ለፍሬ አበቃው። ሮማኑም በስሙ «ሰፈሪ» ተባለ። የብዙ ሹማምንት ስም በተረሳበት ዘመን የዚህ ሰው ስም በአንድ ተክል ምክንያት እስከ ዛሬ ይወሳል።

ለጠባብ ግቢም ይበቃል

ሮማን ከሥሩ ብዙ ግንድ እያወጣ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ሳይከረከም ከተተወ ከ3 እስከ 5 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ከተከረከመ ግን በሰው ቁመት ልክ ይያዛል። ድንክ የሚባለው ዓይነት ከ1 ሜትር ብዙም የማያልፍ ሲሆን በአበባ ማሰሮ ውስጥ ተተክሎ በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ እንኳ ያብባል። የድንኩ ፍሬ ትንንሽ ነው፤ የሚተከለው በተለይ ለአበባው ውበት ነው። ጠባብና አንጸባራቂ ቅጠሉ፣ እንደ ተጨማደደ ሐር የሚመስለው ቀይ ብርቱካናማ አበባውና በፍሬው ጫፍ ላይ የሚቀረው ዘውድ ለግቢ ጌጥ ናቸው።

አተካከሉ እንዲህ ነው፦

ዘሩን መዝራት ይቻላል፤ ነገር ግን ከዘር የበቀለው እንደ እናቱ ጣፋጭ ላይሆን ይችላል። የተሻለው መንገድ ጥሩ ፍሬ ከሚሰጥ ተክል ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል ነው። ቅጠሉ በረገፈበት ወቅት፣ አዲስ ቡቃያ ሳያወጣ፣ የአንድ ዓመት ዕድሜ ያለውንና የእርሳስ ውፍረት ያህል የሆነውን ቅርንጫፍ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። አሸዋና ብስባሽ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት እምቡጥ ብቻ ከላይ አስቀርታችሁ ትከሉት። የላይኛውና የታችኛው ጫፍ እንዳይገለበጥባችሁ ተጠንቀቁ። አፈሩ እርጥበቱን ሳያጣ፣ ውሃ ግን ሳይቋጥር ይቆይ። ሥር ከያዘ በኋላ የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል።

ቋሚ ቦታው በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ሮማን በአፈር ዓይነት ብዙም አይመርጥም፤ የማይወደው ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ነው። ከአንድ በላይ የምትተክሉ ከሆነ በመካከላቸው ከ3 እስከ 4 ሜትር ተዉ። ቅርንጫፉ እሾህ ስላለው ሕፃናት ከሚሯሯጡበት መንገድ ራቅ ማድረግ ይገባል። ከቅርንጫፍ የተተከለው አብዛኛውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ዓመት ማፍራት ይጀምራል።

የውዱእ ውሃ

ሮማን ድርቅን የሚችል ተክል ነው። ሆኖም በለጋነቱና ፍሬ በያዘበት ጊዜ ውሃ በየጊዜው ሳይቋረጥ ይፈልጋል። ለብዙ ቀናት ደርቆ ከቆየ በኋላ በአንድ ጊዜ ብዙ ውሃ ካገኘ የፍሬው ቅርፊት ይሰነጠቃል።

ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት ሠፈር ይህ እንዴት ይሆናል የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከአንድ ሊትር ባነሰ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሰሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። የቤተሰቡ አባላት በማንቆርቆሪያ ውዱእ ሲያደርጉ የሚፈሰውን ውሃ በሳፋ ቢያጠራቅሙት ሳሙና የሌለበት ንጹሕ የተክል ውሃ ያገኛሉ። አምስት ሰው በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ቢያደርግና እያንዳንዱ ግማሽ ሊትር እንኳ ቢያጠራቅም ከ12 ሊትር በላይ ይሆናል። ይህም ለጥቂት ሮማኖች የሚበቃ ነው። በዚህ መንገድ ልጆቻችን ኢስራፍ ምን እንደሆነ ያለ ብዙ ንግግር ይማራሉ።

አበባው ሲረግፍ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ

ብዙ ሰዎችን የሚያስደነግጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የአበባው መርገፍ ነው። ሮማን ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ታችኛው ክፍሉ እንደ ገንቦ ሰፋ ያለው ፍሬ የሚሆነው ነው፤ ታችኛው ክፍሉ ቀጭን ሆኖ እንደ ደወል የሚመስለው ግን ፍሬ ሳይሆን ይረግፋል። ስለዚህ አበባው በከፊል ቢረግፍ በሽታ ወይም «ዓይን» ነው ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የቅጠሉ መርገፍ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሙቀትና ውሃ በሚያገኝበት ሥፍራ ሙሉ በሙሉ ላያራግፍ ይችላል። ብርድ ወይም ድርቀት በሚበረታበት ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ያን ጊዜ ከመንቀላችሁ በፊት ይህን ፈተና አድርጉ። የቅርንጫፉን ልጥ በጥፍራችሁ ጥቂት ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ተክሉ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ዝቅ ብላችሁ በግንዱ ላይ ሞክሩ። ላዩ ሁሉ ደርቆ እንኳ ቢሆን ከሥሩ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ስለሚችል አንድ የዝናብ ወቅት ጠብቁት። በዕረፍቱ ጊዜ ውሃውን ቀንሱለት እንጂ ጨርሳችሁ አትርሱት።

ዕረፍቱ ሊያበቃ ሲል የመከርከሚያው ጊዜ ነው። ከ3 እስከ 5 ጠንካራ ግንዶች መርጣችሁ ከሥር የሚፈልቁትን ሌሎች ቀንበጦች አስወግዱ። የደረቀውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውንም ቁረጡ። ፍሬው የሚይዘው በቆዩ ቅርንጫፎች ላይ በሚወጡ አጫጭር ቀንበጦች ጫፍ ስለሆነ ሁሉንም እንደ አጥር አትከርክሙት። ከዚያም በግንዱ ዙሪያ የበሰበሰ ፍግ አልብሱት፤ ግንዱን ግን እንዳይነካው።

በለጋ ቅጠሉ ላይ ክሽክሽ ከታየ በሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ከሁሉ የሚከፋው ቢራቢሮ በፍሬው ላይ ከምትጥለው ዕንቁላል የሚፈለፈለውና ወደ ውስጥ የሚገባው ትል ነው። ፍሬው ገና ትንሽ እያለ በወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ ከረጢት መሸፈን፣ የተበላሸውንም እየለቀሙ ማቃጠል ይረዳል።

ምርቱና ሐቁ

ፍሬው ካበበ ከ5 እስከ 7 ወር ባለው ጊዜ ይደርሳል። ሲበስል ክብነቱ ይቀንስና ጎን ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል፤ በጣት ሲመታም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከተቆረጠ በኋላ ስለማይበስል አትቸኩሉ። ስትለቅሙም በመቀስ ቁረጡት እንጂ አትጎትቱት። ቅርፊቱ ቆዳ ለማልፋትና ለማቅለም ያገለግላል። የግንዱንና የሥሩን ልጥ ግን ለኮሶ መድኃኒት ነው ብሎ ቀቅሎ መጠጣት አደገኛ ነው፤ ሰውን የሚመርዝ ንጥረ ነገር አለበትና። ለሕመም ወደ ሐኪም መሄድ ይሻላል።

ከመጀመሪያው ምርት ለጎረቤት፣ በተለይም ለደካማና ለታመመ ሰው ድርሻ መላክ መልካም ልማድ ይሁንልን። ይህን የሚያደርሱት ልጆቹ ቢሆኑ ደግሞ የበለጠ ያማረ ነው። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቡት ሐዲስ ተምረናል። እንግዲህ ወፍ የጫረችው ፍሬ እንኳ በከንቱ አልጠፋም ማለት ነው።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣ ቂያማ ሊቆም እንኳ ቢሆን በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ እንዲተክለው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። የተካዩ ድርሻ መትከልና መንከባከብ ነው፤ ፍሬው የአላህ ነው። ያች ባዶ ቅርንጫፍ በውስጧ አረንጓዴ ልጥ ይዛ ጊዜዋን እንደምትጠብቅ ሁሉ፣ ሰላቱን ያቀዛቀዘ ወንድም ወይም ከቁርኣን ትምህርቱ የራቀ ልጅ ሲያጋጥመንም «ደርቋል» ለማለት አንቸኩል።

አላህ የተከልነውን የሚባርክልን፣ ሰብር የሚሰጠን ያድርገን። አሚን።