ጥላው ስንት ደረሰ?

የመርካቶ ነጋዴ ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከር የሚውለው ስለ ዋጋ ነው። ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ላይ ሃምሳ ብር ለማስቀነስ ሻይ ያስቀዳል፣ ይምላል፣ ሄዶ ይመለሳል። ያው ሰው በክብረ በዓል ዕለት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ሦስት ሺህ ብር የማያወጣ ጥላ ላይ «አምስት ሺህ!» ሲል ታገኙታላችሁ። ጎረቤቱ «ስድስት!» ይልበታል። ሁለቱም ይስቃሉ። ለበጎ ዓላማ ገንዘብ ከሚሰበሰብባቸው መንገዶች ሁሉ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ ጨረታ የበለጠ ሳቅ ያለበት የለም። ስለዚህ ዛሬ እሱን እናስተዋውቃችሁ።

በመርካቶ አካባቢ ያለውን አማኑኤል ሰፈርን ለሚያውቅ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የወሩ 28 አማኑኤል ነው፤ ዓመታዊው ንግሥ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ላይ፣ መርካቶ በገና ገበያ ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን ይውላል። በንግሥ ዕለት ወደ ደብር የሚመጣው ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ስለት አለበት። ልጅ የወለደች ጥላ ታመጣለች፣ ከሕመም የዳነ ምንጣፍ፣ ንግዱ የቀናው መጋረጃ፣ ከገጠር የመጣው በግ ወይም ማር። የሚገባው ዕቃ ግን ሁልጊዜ ደብሩ ከሚፈልገው ጋር አይገጥምም። አርባ ጥላ ተከምሮ ጣሪያው ያፈሳል፤ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ ብሎኬት እየጠበቀ ዕቃ ቤቱ በምንጣፍ ይሞላል። ጨረታው ይህን ችግር ይፈታል። የስለቱ ዕቃ ወደ ብር ይለወጣል፣ ብሩ ወደ ሲሚንቶ።

የጨረታው ሞተር አጫራቹ ነው። ድምፅ ማጉያውን የሚይዘው ሰው ሕዝቡን በስም ማወቅ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚፎካከር ማወቅ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ሳያስቀይም መተንኮስ መቻል አለበት። መርካቶ ላይ ይህ ሥራ በተራ ይቀላል፤ ሸማ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ እያለ ገበያው ራሱ ቡድን ሠርቶ ጠብቆታል። እንዲህ ዓይነት አጫራች ሲጀምር ዝግ ብሎ ነው፤ «ይቺን ጥላ ለበረከት፣ አንድ ሺህ ያለ?» ይላል። አንድ እጅ ይነሣል። ሁለት ሺህ ይባላል። ከዚያ ቋንቋው ይቀየራል።

«ሦስት ሺህ ከሸማ ተራ! ሸማ ተራ ብቻውን ነው እንዴ ገነት የሚገባው?»

ሳቅ። ከኋላ «ሦስት ተኩል!» የሚል ይሰማል።

«እትዬ፣ እጅዎን ያነሡት ለጸሎት ነው ወይስ ለአራት ሺህ? ... ለአራት ሺህ! እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ዝም አሉ፤ ቆርቆሮ ተራ ዛሬ ተዘግቷል?»

ጋሼ ሳይወዱ በግድ ፈገግ ይላሉ፤ ጓደኞቻቸው በክርናቸው ይጎስሟቸዋል፤ «አምስት» ይላሉ። «አምስት ሺህ አንድ ጊዜ፣ አምስት ሺህ ሁለት ጊዜ» እየተባለ ሦስተኛው ሆን ተብሎ ይዘገያል፤ ያቺ ዝምታ ብዙ ጊዜ ሌላ አምስት መቶ ትወልዳለች። ሦስተኛው ሲጠራ እልልታው ይቀልጣል።

ከሁሉ የሚያምረው ግን ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። አሸናፊው ጥላውን ተቀብሎ ይሳለምና «ለአማኑኤል መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል። ጥላው እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። አንዲት ጥላ በአምስት ሺህ፣ ቀጥሎ በአራት ሺህ፣ ሦስተኛ ጊዜ በስድስት ሺህ ብትሸጥ 15 ሺህ ብር አስገብታ ራሷ አሁንም እዚያው ናት። ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ሸቀጥ የት ይገኛል?

በውጭው ዓለምም የዚህ ዘመድ አለ። በምኩራቦች ኦሪት ሲነበብ ወደ መጽሐፉ የመቅረብ ክብር ለጨረታ የሚቀርብበት ልማድ አለ። በአሜሪካ ገጠሮች ደግሞ ሴቶች ምሳ በሣጥን ሠርተው፣ ሣጥኑን አስውበው ያመጡና ወንዶች ይጫረቱበት ነበር፤ ያሸነፈ ምሳውን ከሠራችው ሴት ጋር ይበላል፣ ገንዘቡ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። የእኛው ልዩነቱ ዕቃው ተመልሶ መምጣቱ ላይ ነው።

የምጣኔ ሀብት ሰዎችም ነገሩን መርምረውታል። በ2005 እ.ኤ.አ. አራት ተመራማሪዎች በጆርናል ኦፍ ፖለቲካል ኢኮኖሚ ባወጡት ጽሑፍ፣ ለበጎ ዓላማ የሚደረግ ተራ ጨረታ አንድ ድክመት እንዳለበት አሳዩ። ተጫራቹ ዓላማውን ከልቡ የሚወድ ከሆነ፣ ሌላው ቢያሸንፍም ገንዘቡ ለዚያው ዓላማ ስለሚገባ ደስ ይለዋል፤ እሱ ራሱ በልጦ ሲጠራ ደግሞ የሌላው ሰው ብር ይቀራል። በዚህ ምክንያት ተጫራቹ እጁን ይሰበስባል። መፍትሔ ያሉት ያሸነፈውም የተሸነፈውም የጠራውን የሚከፍልበትን ጨረታ ነው። ጎበዝ አጫራች ይህንን ያለ ሒሳብ ቀመር ያውቀዋል፤ ለተሸነፈው ዞሮ «ጥላው ለእሳቸው ይሁን፣ እርስዎ የጠሩትን ግን አይመልሱት፣ ቃል ቃል ነው» ይላል። በሺህ ሰው ፊት እንዲህ ተብሎ ማን እምቢ ይላል?

እዚህ ላይ የጨረታው ጉድለትም ይታያል። በሺህ ሰው ፊት የሚጨነቀው ባለጠጋው ብቻ አይደለም። ከኋላ የቆመች ጉሊት ቸርቻሪ ሃምሳ ብር ይዛ መጥታ ስትሳቀቅ ትመለሳለች፤ ድምፅ ማጉያው ለሃምሳ ብር እልል አያሰኝም። ለእሷ የሚስማማው ቶምቦላ ነው። ነጋዴው ብረት ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ ከተቻለም ፍሪጅ በስጦታ ይሰጣል፤ ቲኬቱ በርካሽ ይሸጣል፤ ባለ ሃምሳ ብሯ እመቤትና ባለ ሱቁ አንድ ዕጣ ላይ እኩል ይቆማሉ። ጆን ሞርጋን የተባለ ተመራማሪ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ለጋራ ጥቅም የሚውል ሎተሪ ዝም ብሎ «አዋጡ» ከማለት የተሻለ ገንዘብ እንደሚያስገኝ በስሌት አሳይቷል። የመርካቶ ሰው ያለ ስሌትም አይጠራጠርም፤ በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው፤ ዕጣ ስንቆርጥ ኖረናል። ቶምቦላ ለማዘጋጀት ግን ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

ለጋራ ዓላማ የሚውለውን ሎተሪ በአገር ደረጃ ያየነው በሕዳሴ ግድብ ጊዜ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ከተቀመጠ በኋላ ቦንዱ ተሸጠ፣ የወር ደመወዝ ተሰጠ፤ ከዚያ የ8100 አጭር መልእክት መጣና በስልኩ ጥቂት ብር የሚልክ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ገባ። የሕዳሴው ዋንጫ ደግሞ ከክልል ክልል እየዞረ በየደረሰበት ገቢ ሲያሰባስብ ከረመ። ኳስ ሳይኖር ዋንጫ ማዞር ለውጭ ሰው ግራ ሊሆን ይችላል፤ አጎራባች ክልል ከሰጠው አንሶ መታየት የሚፈልግ ስለሌለ ግን ሠርቷል። የሸማ ተራና የቆርቆሮ ተራ ፉክክር በአገር መጠን ማለት ነው።

መርካቶ ያለ ጨዋታም ማዋጣት ያውቃል። አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች፣ ብዙዎቹ የዚህ ገበያ ሰዎች፣ በ1950ዎቹ የዓለምገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ማኅበርን መሥርተው ወደ ትውልድ ቀያቸው የሚያስገባ አውራ ጎዳና ለማሠራት ተነሡ። ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉ ምሁር የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ ማኅበር ላይ ነው።

የልጆቹን ድርሻ ሳላነሣ ባልፍ ይቀየሙኛል። ቡሄ ሲመጣ በየበሩ ዱላ እየመታ የሚጨፍረው የሰፈር ቡድን ከማንም በፊት የተደራጀ ገቢ አሰባሳቢ ነው፤ አውራጅ አለው፣ ተቀባይ አለው፣ ገንዘብ ያዥም አለው (ገንዘብ ያዡ ላይ የሚነሣው ጠብ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል)። ድሮ ሙልሙል ነበር የሚሰጠው፤ አሁን ብር ነው። ትልልቆቹም ጨዋታውን ተውሰውታል፤ ለሕሙማን መታከሚያ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩ፣ እሑድ መንገድ ዳር መኪና የሚያጥቡና ሊስትሮ ሆነው ጫማ የሚጠርጉ ወጣቶች ብርቅ አይደሉም። ባንክ ቤት የሚሠራ ልጅ ጫማችሁን ሲጠርግላችሁ መልስ ስጠኝ ለማለት አፍ አይደፍርም፤ ዘዴው እዚያ ላይ ነው።

ከሌላው ጫፍ ደግሞ ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በምኒልክ ቤተ መንግሥት የተደረገው የ«ገበታ ለሸገር» እራት አለ። ለአዲስ አበባ ወንዞች ዳርቻ ልማት ታስቦ የአንድ ሰው መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር ተባለ። ገቢው ከፍ ያለ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው እራት የሚስማማው ጥሪው ከላይ ሲመጣ ነው። የቀበሌ እድር «እራት አዘጋጅቻለሁ» ብሎ ቢነሣ የወጡ፣ የአዳራሹና የድምፅ ማጉያው ሒሳብ ገቢውን ይበላዋል። ጨረታ ግን የሚጠይቀው አንድ ጥላና አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው።

አንድ ትልቅ ችግር ግን ሁሉንም ያገኛቸዋል፤ ቃል። መድረክ ላይ በእልልታ መሐል የተጠራ ሃያ ሺህ ብር በማግስቱ ስልክ አያነሣም። ኮሚቴው ዝርዝሩን ይዞ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ይከርማል፣ ባለ ቃሉም «ዕቃ ላይ ነው ያለው፣ ቅዳሜ» ይላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ይህ ሰበብ ተዳክሟል፤ አሁን አጫራቹ እልልታውን የሚያስጀምረው የገቢው መልእክት ኮሚቴው ስልክ ላይ ሲደርስ ሊሆን ይችላል። መሆንም አለበት።

የእናንተም እድር፣ የጽዋ ማኅበር ወይም የድሮ ክፍል ጓደኞች ለአንድ ችግረኛ ገንዘብ ለማሰባሰብ ካሰባችሁ፣ በትንሽ ዕቃ ጀምሩ፤ ከጨረታው ጎን የሃምሳ ብሯን ሴትዮ የሚያስገባ ቶምቦላ አድርጉ፣ ፈቃዱንም አስቀድማችሁ አውጡ። የተጠራውን ብር ሰዉ ሳይበተን ተቀበሉ፤ ደረሰኝ ስጡ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ምን ላይ ዋለ የሚለውንም በሳምንቱ ሰው በሚያነበው ቦታ ለጥፉት።