ጎመንና ሰላጣ በጀሪካን ስናሳድግ፦ ፍጉ በደንብ ይብሰል!



"ዶክተር፣ ግቢ ውስጥ ጎመንና ሰላጣ ተክለን ቅጠሉ ቢጫ ሆነብን" የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። የግብርና ባለሙያ ባልሆንም ጉዳዩ ጤናችንን ስለሚነካ ዛሬ አብረን እንየው።

📌 ቅጠሉ ለምን ይገረጣል?
ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ናይትሮጅን አንሷል ማለት ነው። ለደማችን አይረን እንደሚያስፈልገው ሁሉ ለቅጠሉ አረንጓዴነትም ናይትሮጅን ያስፈልጋል።

📌 አፈሩ እንዴት ይዘጋጅ?
ታቹ በተበሳ ጀሪካን ውስጥ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ የበሰለ ኮምፖስትና 1 እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ወደ ኮምፖስቱ ይግቡ። አመድ ፖታሲየም አለው፤ ግን ሲበዛ ስለሚጎዳ ትንሽ ይበቃል።

❗ ዋናው ነገር
ትኩስ እበት ወይም የዶሮ ኩስ ሰላጣ ላይ አታድርጉ! ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የሰው ዓይነ ምድር ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም፤ የወስፋት እንቁላል አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የኮምፖስቱ ክምር እየተገላበጠ ውስጡ ቢያንስ 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለተከታታይ ቀናት መሞቅ አለበት። ሲበስል ጠቆር ይላል፣ የጫካ አፈር ይሸታል። ጥሬ ፍግ ከገባ ግን እስከ ምርት 120 ቀን ይለፍ። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ስለሚደርስ፣ ፍጉ ከመትከላችሁ ሁለት ወር ቀድሞ ይግባ ማለት ነው።

📌 ገበታ ላይ ሲቀርብ
✅ ቅጠል በቅጠል፣ በሚወርድ ንጹህ ውሃ እጠቡ።
✅ ጎመኑን ብዙ አታብስሉት፤ የቀቀላችሁበትንም ውሃ አትድፉ። ፎሌቱ ይባክናል።
✅ ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ አይረኑ በደንብ እንዲገባ ይረዳል። ቡናና ሻይ ቢያንስ ከ1 ሰዓት በኋላ ይሁን።
✅ እናቶች፦ ጎመን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብልን አይተካም። የፅንሱ የነርቭ ቱቦ በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ፣ ብዙዎቻችሁ እርግዝናውን ሳታውቁት ይዘጋል። ስለዚህ ለማርገዝ ስታስቡ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ቀድማችሁ ጀምሩ።
✅ ዋርፋሪን የምትወስዱ፦ ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለፀገ ስለሆነ የምትበሉትን መጠን በድንገት አትጨምሩ፣ አትቀንሱም፤ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ግቢው ውስጥ ጎመን ላለው ሰው ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ጤናችሁ ይብዛ! 🌿