ያረጀ የእርሻ ትራክተር ሞተር በሥራ ላይ ሳለ ስለሚጠፋበት ምክንያት

የእርሻ ወራት በተቃረበ ቍጥር በመለዋወጫ መደብሮች ዘንድ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይደጋገማል። የትራክተሩ ባለቤት ይመጣና ሞተሩ በጧት ያለ ችግር ተነሥቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ካረሰ በኋላ ኃይሉ እየደከመ ሄዶ ቀጥ እንደሚል፣ ጥቂት አርፎ ሲሞከር እንደገና እንደሚነሣ፣ ከዚያም ያንኑ እንደሚደጋግም ያስረዳል። አያይዞም «ፖምፓው ሞቷልና ሌላ ስጡኝ» ይላል። ባለ መደብሩ ዕቃው ካለው ይሸጥለታል፤ ከሌለውም ከውጭ አገር ያዝለታል። ለሻጩም ለገዢውም ጸጸት የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አዲሱ ፖምፓ ተገጥሞ ሞተሩ እንደ ቀድሞው ሲጠፋ ገዢው ዕቃው ተመሳስሎ የተሠራ ነው ብሎ ይመልሳል፤ ሻጩ ደግሞ አንድ ጊዜ የተገጠመ ዕቃ አልቀበልም ይላል። ሁለቱ ሲከራከሩ ዝናቡ አይጠብቅም።

ጉዳዩ የመለዋወጫ ነጋዴውን ብቻ የሚነካ አይደለም። በሁመራና በመተማ ቆላ ሰፊው የሰሊጥ እርሻ የሚታረሰው በትራክተር ስለ ሆነ፣ በሰኔ የቆመ ሞተር ላኪው በመኸር የሚጠብቀውን ጭነት ያጐድልበታል። አስመጪውም ቢሆን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ የነዳጅ መርጫ ፖምፓ ለማስመጣት የሚያወጣው ብር ከቀድሞው እጅግ የበዛ ነው። ስለዚህ ፖምፓ ከመታዘዙ በፊት ሞተሩ የሚጠፋበትን ምክንያት መርምሮ ማወቅ ለሁሉም ወገን ይጠቅማል።

ለምሳሌ ያህል ማሲ ፈርጉሰን 135 የተባለውን ትራክተር መውሰድ ይቻላል። ይህ ዓይነት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1964 እስከ 1975 በእንግሊዝ አገር ሲሠራ የቈየ ሲሆን፣ በናፍጣ የሚሄደው ሞተሩ ባለ ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ነው። በፈቃድ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በቱርክም ተመሳሳዩ ሲሠራ ስለ ኖረ መለዋወጫው ዛሬም ከገበያ አልጠፋም።

የናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ካንዴላም ቦቢናም የለውም። ነዳጁ አየር ሳይቀላቀልበት ከደረሰው፣ የሚተነፍሰው አየር ከተገኘና እመቃው ካልደከመ ይሠራል። በቤንዚን የሚሠራ አሮጌ ትራክተር መብራት እንደ ጠፋ በድንገት ቀጥ ሲል አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሲሞቅ የሚከዳ ቦቢና ነው። የናፍጣው ሞተር ግን እየተንገዳገደ፣ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ረኃብ ይዞታል ማለት ነው። ከመጥፋቱ በፊት ጥቁር ጢስ የሚያወጣ ከሆነ ደግሞ የጐደለው ነዳጅ ሳይሆን አየር ነውና ምርመራው ከአየር ማጣሪያው ይጀመራል፤ በቆላ አቧራ ውስጥ የሚያርስ ትራክተር የማጣሪያው ዘይት በየቀኑ መታየት አለበት።

ረኃቡን ለመመርመር የነዳጁን መንገድ ከመነሻው መከተል ነው። መነሻውም የነዳጁ ታንክ፣ መካኒኮች ሰልባትዮ የሚሉት ነው። በክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ይህች ቀዳዳ በጭቃ ወይም በቀለም ከተደፈነች ናፍጣው በወረደ መጠን በታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ነዳጁን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ አየሩ ቀስ እያለ ስለሚገባ እንደገና ይነሣል፤ ባለቤቱን የሚያሳስተው የዕረፍቱ ምስጢር ይኸው ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ክዳኑን ላላ ማድረግ። አየር ሲገባ «ፍስ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ሞተሩ ከታደሰ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። ክዳን የጠፋበት ሰው ጨርቅና ላስቲክ ወትፎ የሚያርስበትም ጊዜ ስላለ፣ ክዳኑን በዓይን ሳያዩ በቃል ብቻ መጠየቅ አይበቃም።

ቀጥሎ ከታንኩ በታች ያለው መዝጊያ ነው። ዝገትና አተላ በዚያ ይሰበሰባል። ቱቦውን ከትንሿ የነዳጅ መመገቢያ ፖምፓ ላይ ፈትቶ መዝጊያውን ከፍቶ ናፍጣውን በንጹሕ ጣሳ መቀበል ይገባል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ፤ ናፍጣው ሲወርድ አይተው ወዲያው ይዘጉታል። ዳሩ ግን አተላው ወደ ቀዳዳው ለመሳብ ጊዜ ስለሚፈልግ ለብዙ ደቂቃዎች መጠበቅ ያስፈልጋል። ወፍራም ሆኖ የጀመረው አወራረድ እየቀጠነ ከሄደ ምክንያቱ ተገኝቷል።

ከመመገቢያው ፖምፓ በኋላ ፊልትሮው ይመጣል። ለዚህ ሞተርና ለሌሎች ብዙ ሞተሮች የሚሆነው ሲ.ኤ.ቪ. 296 የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ርካሽ ተመሳሳዮቹ ወረቀታቸው ውኃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ የላስቲክ ቀለበታቸውም ስስ ሆኖ አየር ያስገባል። ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን በነጭ ጠርሙስ ቀድቶ ቢያቈዩት ውኃው ከናፍጣው ተለይቶ ከታች ይረጋል። ውኃው ከየት ገባ ቢሉ ብዙ ጊዜ ከበርሜሉ ነው። በውጭ ቀጥ ብሎ የቆመ በርሜል ዝናቡ በአናቱ ላይ ይጠራቀምበታል፤ ቀን በፀሐይ የጋለው አየር ማታ ሲቀዘቅዝ ስለሚኰማተር ያንኑ ውኃ በቡሹ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይስበዋል። ስለዚህ በርሜሉ በጐኑ ይተኛል፤ ወይም ውኃው ወደ ቡሹ እንዳይደርስ ያዘነብላል። ናፍጣውም ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀዳል። ናፍጣ የሚሸጠው ነጋዴ ይህን ለደምበኛው ቢነግረው የሚከስረው ነገር የለም።

ለማግኘት የሚያስቸግረው የአየር መግባት ነው። ብዙ ሰው የማያንጠባጥብ ማያያዣ ደኅና ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን ነዳጁ በመሳብ በሚያልፍበት በኩል ያለ ስንጥቅ ናፍጣ ወደ ውጭ አያወጣም፤ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ። በመሐል ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቢያስገቡ አረፋው ሲያልፍ በዓይን ይታያል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ደጋግሞ የታሰረ የመዳብ ሮንዴላ ነው። መዳብ በታሰረ ቍጥር ይደርቃል፤ አዲስ ከሌለ እሳት ላይ ቀልቶ ውኃ ውስጥ ቢነከር ይለሰልሳል። ማናቸውም ማያያዣ ከተፈታ በኋላ በፊልትሮውና በፖምፓው ላይ ያሉት የአየር ማስወጫ ብሎኖች ላላ ተደርገው አረፋው እስኪያልቅ በመመገቢያው ፖምፓ የእጅ መዘውር ይገፋል። መዘውሩ ባዶ ሆኖ ከተሰማ ፖምፓው ተበላሽቷል ማለት ላይሆን ይችላልና፣ ሞተሩን ጥቂት አዙሮ እንደገና መሞከር ነው። ከዚያም በኋላ ካልገፋ በውስጡ ያለው ስስ የላስቲክ ሽፋን ተቀድዷል ማለት ነው፤ ይህም ከመርጫው ፖምፓ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ደኅና ከሆነ ብቻ ወደ መርጫው ፖምፓ መሄድ ተገቢ ይሆናል። ምልክቱም የተለየ ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በደንብ ይነሣል፣ ሲሞቅ ግን በዝግታ ሳለ ይጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝም አይነሣም። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን በተበላ ፖምፓ ውስጥ ያመልጣል። ከጠፋ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ በፖምፓው ላይ አድርገው ቢቈዩና ቢነሣ ፖምፓው ተበልቷል። በሚሠራ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ግን ሊያጣብቀው ይችላልና አይደረግም። ፖምፓውንም ሜዳ ላይ መፍታት አይገባም፤ መፈተኛ መሣሪያ ወዳለው የፖምፓ ሠራተኛ ይላካል።

ባለ መደብሩ ከመደርደሪያው ሊያጣቸው የማይገባ ዕቃዎች እንግዲህ የታንክ ክዳን፣ ፊልትሮ ከነቀለበቱ፣ የመዳብ ሮንዴላ በየልኩ፣ የናፍጣ ቱቦና የመመገቢያው ፖምፓ ሽፋን ናቸው። ፖምፓ ይታዘዝ ከተባለም ደምበኛው «የማሲ ነው» ማለቱ አይበቃም። ማሲ ፈርጉሰን 35 በመጀመሪያ ባለ አራት ሲሊንደር ስታንዳርድ ሞተር ነበረው፤ ባለ ሦስቱ ፐርኪንስ የመጣው ቈይቶ ነው። ኢንጀክተሮቹ ሦስት ወይም አራት መሆናቸው ይቈጠር፤ በሞተሩና በፖምፓው ላይ የተቀረጸው ቍጥርም ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ከትእዛዙ ጋር ይላክ።