ስለ ጠላቂ ዋናተኞች የጀርባ ሰሌዳና ማንገቻ አመራረጥ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው እንፍራንዝ፥ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ላለው ሕዝብ የገበያ ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። የአካባቢው ነጋዴ የመረብና የገመድ ንግድ እንግዳ አይሆንበትም፤ የመጥለቂያ ዕቃ ግን ገና ያልተለመደ ሸቀጥ ነው። ይሁን እንጂ ፈላጊው መምጣቱ አይቀርም። በዓባይ መውጫ ያለውን የጨረጨራ ግድብ በሮችና በ2002 ዓ.ም. የተመረቀውን የጣና በለስ የውሃ መቀበያ ከውሃ በታች መመርመር የጠላቂ ሥራ ነው። መንግሥትም በመጋቢት 2011 ዓ.ም. የባሕር ኃይልን መልሶ ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈራርሟል።

የአየር ሲሊንደሩን በጀርባ የሚያሲዘው ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሰደርያ ቅርጽ ያለው ሲሆን፥ እንደ ልብስ በየቁመናው ከትንሽ እስከ ትልቅ ተለይቶ ይሸጣል። ሁለተኛው በብረት ሰሌዳ ላይ አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የናይሎን ጥብጣብ ታልፎበት የሚታጠቁት ነው። ለነጋዴው ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሰደርያ ያስመጣ ሰው፥ ገዢው ቀጭን ሲሆን ወፍራሙ፥ ወፍራም ሲሆን ቀጭኑ መደርደሪያ ላይ ይቀርበታል፤ በብዙ ድካም የተገኘው የውጭ ምንዛሪም አብሮ ይተኛል። ሰሌዳው ግን በጥብጣቡ ርዝመት ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም በአብዛኞቹ ፋብሪካዎች 28 ሳንቲሜትር ያህል ተራርቀው ስለሚበሱ፥ የአንዱ ፊኛ ለሌላው ሰሌዳ ይሆናል።

ሰሌዳው ከማይዝግ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል። የመጀመሪያው ሦስት ኪሎ፥ ሁለተኛው አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከባዱ ሁልጊዜ ይሻላል ብሎ ማዘዝ አይገባም። የጣና ውሃ ጨው የሌለው በመሆኑ ከባሕር ውሃ ያነሰ ያንሳፍፋል፤ ሙቀቱም ወፍራም የጎማ ልብስ አያስፈልገውም። ስለዚህ ቀጭን ልብስ የለበሰ ሰው ብረት ሲሊንደር ከብረት ሰሌዳ ጋር ቢሸከም፥ ፊኛው በተበሳ ጊዜ አውልቆ የሚጥለው እርሳስ አይኖረውም። ለእርሱ አሉሚኒየሙ ይበጀዋል። በአንጻሩ ሲሊንደሩ አሉሚኒየም ከሆነ አየሩ ሲያልቅ ወደ ላይ ስለሚስብ፥ የብረቱ ሰሌዳ የእርሳሱን ሥራ በከፊል ይሠራል።

ምቾት በሱቅ ውስጥ፥ ገዢው የሚጠልቅበትን ልብስ ለብሶ መለካት አለበት። በትከሻውና በጥብጣቡ መካከል መዳፍ ያለ ትግል መግባት ይኖርበታል፤ የጠበቀ እንደሆነ ደረትን ጨብጦ ትንፋሽ ያሳጥራል፥ ለማውለቅም ያስቸግራል። የሰሌዳው ክብደት በወገብና በጀርባ እንጂ በአንገት ላይ ማረፍ የለበትም። በጭን መካከል የሚያልፈው ጥብጣብ ሰሌዳው ወደ ራስ እንዳይንሸራተት ስለሚይዝ፥ ለዋጋ ቅናሽ ሲባል አይቀር። የወገቡ ዘለበትም በአንድ እጅ ተከፍቶ ይሞከር። በጣና የዓሣ መረብ አለ፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የታወቀው እምቦጭም በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ጸንቷል። በዚህ ምክንያት ቢላዋ ማስገቢያ ኪስ በወገብ ቀበቶ ላይ ይሰፋ፤ የተንጠለጠለ ትርፍ ጥብጣብ ግን አይተው።

(ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል፥ የባሕሩ የመጥለቂያ ሰንጠረዥ እንዳለ አያገለግልም፤ ይህ ግን የአሠልጣኙ እንጂ የሻጩ ጉዳይ አይደለም።)

ለአንድ ሰው ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ ጥብጣብ ይበቃል። በጥቅል ቢታዘዝ ይመረጣል፤ ደረቅ ያለው ይታዘዝ፥ ለስላሳው በውሃ ውስጥ ይጠቀለላልና። ተቆርጦ ሲሸጥም ጫፉ በእሳት ይተኮስ፤ አለዚያ ይተረተራል።