የሱሉልታ ጨፌ እንግዳና ባለቤት

ከሽሮ ሜዳ ተነሥተን እንጦጦን ብንሻገር ወደ ሱሉልታ ጨፌ እንወርዳለን። በመጋቢትና በሚያዝያ፣ አውሮፓ ጸደይ ሲገባ፣ በዚያ ሁለት ዓይነት ወፎችን እንለያለን።

አንደኛው እንግዳ ነው። ሆደ ቢጫዋ ትንሽ ወፍ፣ ጅራቷን እያወዛወዘች፣ በጋውን ከከብት እግር ሥር ተባይ ስትለቅም ትከርምና እንቁላሏን ወደምትጥልበት ወደ ሰሜን ትመለሳለች።

ሁለተኛው ባለቤት ነው። ጀርመናዊው ሩፔል በ1845 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስታወቀው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይኖርም፤ ሣር የሚግጠውም በውሃ ዳር ነው።

ጨፌው ታርሶ ወይም ቤት ተሠርቶበት ቢደርቅ እንግዳዋ ሌላ አገር ትፈልግ ይሆናል፤ ባለቤቱ ግን መሄጃ የለውም። ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወፍ ልንቆጥር ስንወጣ የሚቀሩትን በየዓመቱ ብንመዘግብ ለጨፌው ምስክር እንሆናለን።