ምንጣፍን በጥቂት ወጪ ማጽዳት፤ የቤት እንስሳትንም ከመርዝ መጠበቅ

ከቤት ዕቃ ሁሉ እንደ ምንጣፍ ቆሻሻን ሸሽጎ የሚይዝ የለም። ጠረጴዛ ቢቆሽሽ ያየው ሁሉ ይወለውለዋል፤ ምንጣፍ ግን አቧራውን፣ ፍርፋሪውን፣ የፈሰሰውን ወጥና ቡና፣ የድመቱንና የውሻውን ጠጕር በክሩ መካከል ይዞ ዝም ይላል። ሽታው እስኪያጋልጠው ድረስ ንጹሕ ይመስላል።

ትምህርቱን ጨርሶ አዲስ ሥራ የያዘ፣ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ምንጣፉን በየጊዜው ለአጣቢ ልስጥ ቢል ደመወዙ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ሽታው ሲያስቸግረው ከሱቅ ያገኘውን ኃይለኛ መድኃኒት ገዝቶ ያፈስበታል። ይኸው ችኰላ ምንጣፉንም፣ በምንጣፉ ላይ የሚተኛውንም እንስሳ ይጐዳል። «ዓሣን መብላት በብልኃት» እንደሚባለው፣ ለዚህ ሥራ የሚበቃው በጓዳችን የሚገኘው ነገር መሆኑን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት እንወዳለን።

እንስሳው የረገጠውን ይልሳል

ሰው ምንጣፍን የሚረግጠው በጫማው ወይም በካልሲው ነው። ድመት ግን በባዶ መዳፏ ረግጣ፣ ቀጥሎ መዳፏን በምላሷ ታጸዳለች። እንግዲህ በምንጣፉ ላይ ከቀረው መድኃኒት ጥቂቱ ወደ ሆዷ መግባቱ አይቀርም። ውሻም እንዲሁ ያሸታል፤ ይልሳል፤ ተጋድሞ ይተኛበታል። በዳዴ የሚሄድ ሕፃን ያለበት ቤት ቢሆን ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ከዚህም በላይ የድመት ጉበት እንደ ሰው ጉበት አይደለም። ፌኖል የሚባለውን የኬሚካል ዓይነት ሰው በጉበቱ አጣርቶ ሲያስወግደው፣ የድመት ጉበት ግን ይህን ለማድረግ ያለው ኃይል እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ ፌኖል ያለባቸው የወለል ማጽጃዎች ድመት ባለበት ቤት ምንጣፍ ላይ መፍሰስ የለባቸውም። ለተባይ ማጥፊያ የሚረጨው ፐርሜትሪንም ውሻ ቢችለው ድመትን ያንቀጠቅጣል፤ ሊገድላትም ይችላል። ለብል መከላከያ የሚቀመጠው ናፍታሌን ደግሞ ለሁለቱም መርዝ ነው።

በረኪና ለምን አይሆንም

ብዙ ሰው «በረኪና የማያነጻው የለም» ይላል። የሱፍ ምንጣፍ ግን ከበግ ጠጕር የተሠራ ስለ ሆነ ፕሮቲን ነው፤ በረኪና ደግሞ ፕሮቲንን ይበላል። ቀለሙን ከማጥፋቱም በላይ ክሩን ያሳሳዋል። በሁለተኛውም ነገር አደጋ አለው። እንስሳ በሸናበት ቦታ ላይ በረኪና ቢፈስ፣ በሽንቱ ውስጥ ካለው አሞንያ ጋራ ተዋሕዶ ክሎራሚን የሚባል ሳንባን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣዋል። ከአቼቶ ጋራ ቢቀላቀልም የክሎሪን ጋዝ ይሆናል። መስኮቱ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ማድረግ በሕይወት መጫወት ነው።

ከጓዳ የሚገኙት ማጽጃዎች

የመጀመሪያው ማጽጃ ምንም ወጪ የለበትም፤ እርሱም ዱላና ፀሐይ ነው። ምንጣፉን ከቤት አውጥቶ በገመድ ላይ መስቀል፣ በጀርባው በኩል መምታት፣ ከዚያም ማናፈስ ነው። ቀለሙ እንዳይለቅ ጀርባውን ወደ ፀሐይ ማዞር ይሻላል። ቁንጫ ያለበት ቤት ይህን አዘውትሮ ማድረግ አለበት፤ የቁንጫ እንቁላል ከእንስሳው ላይ እየረገፈ የሚፈለፈለው በምንጣፉ ክር ውስጥ ነውና።

አንድ ነገር ሲፈስ በንጹሕ ጨርቅ ጫን እያሉ ማድረቅ እንጂ ማሸት አይገባም፤ ማሸት እድፉን ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ከዚያም በሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጥብጦ በጨርቅ ማስነካት፣ በመጨረሻም ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማንሣት ነው። የቀረ ሳሙና አቧራ ይስባል፤ እንስሳውም ይልሰዋል። የዱቄት ሳሙና ግን ለሱፍ ይከብደዋል።

ቡና ለፈሰሰበት አንድ እጅ አቼቶ ከሁለት እጅ ውኃ ጋራ ቀላቅሎ መጠቀም ይበቃል፤ አስቀድሞ ግን በማይታይ ጥግ ቀለሙን መፈተን ነው። ወጥ ለፈሰሰበት ደግሞ ቅባቱን እንዲመጥ ደረቅ ዱቄት ነስንሶ ቈይቶ መጥረግ፣ ከዚያ በሳሙናው ውኃ መከተል ነው። የእርድና የበርበሬ ቀለም በብርሃን የሚደበዝዝ ስለ ሆነ የቀረውን ፀሐይ ትጨርሰዋለች።

ለሽታ የሚሆነው ቤኪንግ ሶዳ ነው። በደረቀ ምንጣፍ ላይ በስሱ ነስንሶ ጥቂት ሰዓት አቈይቶ በደንብ መጥረግ ነው። እንስሳ ብዙ ሶዳ ቢልስ ስለሚታመም እስኪጠረግ ድረስ በሩን መዝጋት ይገባል።

አቼቶና ሶዳን በአንድ ዕቃ ማዋሐድ ግን ከንቱ ድካም ነው። አረፋው ኃይል ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አፍርሶት የሚቀረው ጨው ያለበት ውኃ ብቻ ነው። አስቀድሞ አቼቶውን፣ ቦታው ከደረቀ በኋላ ሶዳውን መጠቀም ነው።

የድመት ሽንት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባላል። የድመት ሽንት ሽታ ታጥቦ የሚመለሰው በውኃ በቀላሉ የማይሟሟ ዩሪክ አሲድ ስላለበት ነው። ሲደርቅ ክሩ ውስጥ ይቀርና ክረምት ገብቶ አየሩ ሲረጥብ እንደገና ይሸታል። ስለዚህ ትኩሱን ወዲያው በጨርቅ መምጠጥ፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ከዚያ በአቼቶው፣ ሲደርቅ በሶዳው መሥራትና መደጋገም ያስፈልጋል። ለቈየው ሽንት ግን ኤንዛይም ያለበት ማጽጃ ይሻላል፤ ዩሪክ አሲዱን የሚያፈርሰው እርሱ ነው። አሞንያ ያለበት ማጽጃ በሽታው ድመቷን ወደዚያው ቦታ ሊመልሳት ስለሚችል አይጠቅምም።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ንጹሕ ልማድ የነበራት ድመት በድንገት ምንጣፍ ላይ መሽናት ከጀመረች ብዙ ጊዜ ታማ ነው። ወንድ ድመት ደግሞ እያማጠ ሽንት እምቢ ካለው ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ እንጂ በዱላ መቅጣት አይገባም።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ጠርሙስ አቼቶ፣ አንድ ፓኬት ሶዳ፣ ጥቂት ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅ ነው።  ከምንጣፉ ይልቅ የሚያስፈልገው የባለቤቱ ትጋት ነው፤ እድፍ በወደቀበት ሰዓት የተነሣ ሰው ኃይለኛ መድኃኒት ፍለጋ አይወጣም።