«ያኔ ርካሽ ነበር» ስለሚባለው ዘመን

በሀገራችን በደብረ ኤልያስ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በደጀ ሰላም ተቀምጠው ጠበል ጸዲቅ ሲቀማመሱ፣ ሽማግሌዎች በሬው በስንት ብር፣ ማሩና ጤፉ በስንት ሳንቲም ይሸጥ እንደ ነበር ያወሳሉ፤ እኛም ልጆቻቸው የዛሬውን ገበያ እያሰብን ያን ዘመን የጥጋብና የተድላ ዘመን ብቻ አድርገን እንሥለዋለን። ነገር ግን ዋጋን ከድካም ለይቶ መናገር የነገሩን እኩሌታ መናገር ስለ ሆነ፣ ስለ ገንዘብ ሚዛን የማምንበትን ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

መነሻዬ ሁለት የመጽሐፍ ንባባት ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይኑ ባለቤት ለአንድ ቀን ሥራ አንድ ዲናር ሊከፍል ከሠራተኞቹ ጋር ይስማማል፤ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ደግሞ በረኃብ ጊዜ አንድ እርቦ ስንዴ በአንድ ዲናር እንደሚሸጥ ይነገራል። የዲናርን ምንዛሬ ባናውቅም እንኳ ሁለቱን ንባባት ያስተባበረ ሰው የመከራውን ክብደት ወዲያው ያስተውላል፤ ሠራተኛው ከማለዳ እስከ ሠርክ ደክሞ የሚያገኘው የአንድ ሰው የዕለት ጉርስ ብቻ ነው ማለት ነውና።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ጠገራው ብር ዘመን እንመለስ። በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸባት የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ስትመዝን፣ ከዚህ ውስጥ 23 ግራም የሚያህለው ንጹሕ ብር ነበር፤ ጠንቃቃ ተቀባይ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጥቦች ሳይመረምር አይቀበላትም ነበር፤ አንጥረኛም አቅልጦ መስቀል ወይም የአንገት ጌጥ ያደርጋት ስለ ነበር ዋጋዋ ከራሷ ጋር ይኖር ነበር። ሆኖም ያችን አንዲት ብር በእጁ ለማስገባት ገበሬው ስንት ጭነት እህል ወደ ገበያ ማውረድ ነበረበት! ለጥቃቅኑ ግብይት አሞሌ ጨው ሲያገለግል፣ ብዙው ደግሞ እህልን በእህል፣ ጉልበትን በጉልበት እየለወጠ ይኖር ነበር። ስለዚህ ዋጋው ዝቅ ብሎ የታየን ዕቃው ስለ ተረፈ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡም ብርቅ ስለ ነበረ ነው።

ለዚህ ምስክሩ ከደጃችን አይርቅም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ እንቢ ብሎ መሣሪያ አነሣ። ለርስቱ መፍራቱ ዓቢይ ምክንያት ቢሆንም፣ ሁሉ ነገር ርካሽ ነበር በምንልበት በዚያ ዘመን የግብሩ ብር ለከፋዩ ርካሽ አልነበረም፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን አንሥተው የቆየውን የግብር ውዝፍ ማሩ።

ይህን ማለቴ ግን የዛሬውን ችግር ለማቃለል አይደለም። ከ1965 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1985 ዓ.ም. መባቻ ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በመንግሥት ተመን በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ በ1985 ወደ 5 ብር ከፍ አለ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ1984 ዓ.ም. 207 ብር የነበረው ሰው በዚያ ተመን 100 ዶላር ነበረው፤ ያው 207 ብር፣ ወለዱ ባይታሰብ፣ ዛሬ ሁለት ዶላር እንኳ አይሞላም። ዳፕና ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና ይህ ለውጥ በባንክ መስኮት ሳይቀር እስከ ገበሬው ማሳ ይዘልቃል። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግም ቁጥሩ ብቻውን ምስጋናን ወይም ወቀሳን አይወልድም፤ መጠየቅ ያለበት ስንት ኪሎ ጤፍ፣ የስንት ወር የቤት ኪራይ ይሸፍናል ተብሎ ነው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያለፈውን ዘመን በሳንቲሙ ማነስ አናመስግነው፤ የአሁኑንም በብሩ መብዛት አንመዝነው። ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ ዋጋው ስንት ነበር ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ ያን ገንዘብ ለማግኘት ስንት ቀን ደከማችሁ ብላችሁ ደግሞ ጠይቁ፤ ሁለቱንም መልሶች ከነዘመናቸውና ከነገበያው ስም ጽፋችሁ ለልጆቻችሁ አስቀምጡ።